ለፖለቲካ ተጋልጠዋልን?

ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። ባሕር ማዶ ያለች ልጃቸው ገንዘብ ልትልክላቸው ስለሆነ የባንክ ሒሳብ ሊከፍቱ ነው የመጡት። መታወቂያቸውን ተቀበልሁ፤ ፎቶግራፋቸውን አያያዝሁ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር እየጠየቅሁ ቅጹን ሞላሁላቸው። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ላይ ደረስን። ጥያቄዋ በእንግሊዝኛ ተጽፋለች፤ ከሥሯ በደቃቅ ፊደል የአማርኛ ፍቺዋ ተለጥፎባታል። እንደ ወረደ አነበብሁላቸው።

«እማማ፣ ለፖለቲካ የተጋለጡ ሰው ነዎት?»

ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኧረ በማርያም ልጄ! እኔ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የለሁበትም። እኔ የማውቀው ቤቴንና ቤተ ክርስቲያኔን ነው። ማነው እንዲህ ብሎ የነገረህ?» አሉኝ። ከኋላቸው የተሰለፉት ሳቁ። እኔም ፈገግ ብዬ «አይደለሁም» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁና ወደሚቀጥለው አለፍሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩኝ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከእነዚያ ሁለት መገላመጦች ነው።

ነገሩን ላስረዳ። በዓለም ዙሪያ ባንኮች ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት፣ ከፍ ያለ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ወይም ይዞ የነበረ ሰው፣ እንዲሁም ቤተሰቡና የቅርብ ባልደረባው፣ በእጁ የሕዝብ ገንዘብ ሊያልፍ፣ ጉቦም ሊቀርብለት ስለሚችል፣ ሒሳቡ ተለይቶ እንዲታይ ነው። ፈረንጁ «ኤክስፖዝድ» ሲል ባለሥልጣኑን ማለቱ ነው። የሚጠረጠረው ኃይለኛው ነው። እኛ ግን ቃሉን ቆርጠን «የተጋለጠ» ብለን ለጠፍነው። በአማርኛ ለብርድ የሚጋለጠው ልብስ የሌለው ነው፤ ለበሽታ የሚጋለጠው አቅም ያጣው ነው፤ ለረኃብ የሚጋለጠው ድኻው ነው። እናም ሚኒስትሩን ሊቆጣጠር የተፈጠረው ጥያቄ፣ ከእኛ መስኮት ሲደርስ፣ አንዲትን ምስኪን እናት የሚያስደነግጥ ሆነ። ፍቺው ባለሥልጣኑን ለቅቆ እሳቸውን ያዘ።

እንግዲህ ክርክሬን ላቅርብ። እኔ እንግሊዝኛን አልጠላም። እንጀራዬ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ነው የሚጋገረው። የምጠላው፣ የፖለቲካንና የመንግሥትን ነገር በተመለከተ፣ ያላላመጥነውን የባዕድ ቃል ውጠን ሕዝብ ላይ መልሰን የምንተፋበትን ልማድ ነው። ይህ ልማድ የአዋቂነት ምልክት ተደርጎ መታየቱን ደግሞ አብዝቼ እጠላለሁ።

በሥራ ቦታዬ አንድ ወዳጅ አለኝ። ትጉህ ልጅ ነው። በስልኩ ውስጥ ስለ ፖለቲካና ስለ መንግሥት ለመናገር የሚያገለግሉ «ከፍተኛ የእንግሊዝኛ ቃላት» ዝርዝር ይዞ በቀን ዐሥር ዐሥር ያጠናል። ሌጂቲማሲ፣ ኢንከምበንት፣ ፊሊበስተር፣ ጄሪማንደሪንግ፣ ኢምፒችመንት። ምሳ ላይ ስንቀመጥ ቃላቱን እንደ ሚጥሚጣ በየንግግሩ ይነሰንሳቸዋል። አንድ ቀን፣ «ኢንከምበንት ማለት ምን ማለት ነው?» አልሁት። «ያው ኢንከምበንቱ ነዋ!» አለኝ። ተሳስቋል፤ እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ማታ መዝገበ ቃላት ገልጬ ሥሩን ብፈልገው፣ ከላቲን የመጣ ሆኖ «የተጋደመ፣ የተደገፈ» ማለት ሆኖ አገኘሁት። ወንበሩ ላይ የተጋደመ! ለካ እኛ በጓዳችን የምንለውን ነው ፈረንጁ ከረባት አስሮ ያቀረበልን።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ምክንያቱም እነዚህ የምንሰግድላቸው ቃላት በተወለዱበት ቤት ተራ ሰዎች እንደ ነበሩ ማወቅ ፍርሃትን ያስለቅቃል።

«ሚኒስትር» በላቲን ሎሌ፣ አገልጋይ ማለት ነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ቃሉ ከነክብሩ ገባ፤ ሎሌነቱ ግን ድንበር ላይ ቀረ። «ፓርላማ» ከፈረንሳይኛው «መናገር» የወጣ ነው፤ የወሬ ቤት እንደ ማለት። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ሲጻፍ አባቶቻችን ይህን ቃል በጭፍን አልወሰዱትም። «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት»፣ «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» አሉ። ከወሬ ቤትና ከምክር ቤት የቱ ይከብራል? «ቪቶ» በላቲን «እከለክላለሁ» የሚል አንድ ግሥ ብቻ ነው። «ባሎት» የጣሊያኖች ትንሽ ኳስ ናት፤ ድምፅ የሚሰጠው ኳስ በመጣል ነበርና። «ካንዲዴት» ነጭ ለባሽ ማለት ነው፤ የሮማ ሰው ሹመት ሲፈልግ ቶጋውን በጠመኔ አንጽቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። እኛስ ምን እንላለን? «ዕጩ» እንላለን። የታጨ ማለት ነው፤ ለሠርግም ይታጫል፣ ለወንበርም ይታጫል። ነጭ ልብስ ከመልበስና ከመታጨት የትኛው ይበልጥ ያስጠይቃል? ለታጨ ሰው ሽማግሌ ተልኮለታል፤ ቃል ገብቷል፤ ቃሉን ቢያፈርስ ነውር አለበት።

«ጄሪማንደሪንግ» የሚባለው ቃል እንኳ የፌዝ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበረው ኤልብሪጅ ጄሪ፣ ለፓርቲው እንዲመች ሆኖ የተሸነሸነውን የምርጫ ክልል ካርታ በፊርማው አጸደቀ። ከክልሎቹ አንዱ ቅርጹ ተጣሞ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጡር መሰለ። የቦስተን ጋዜጣ የጄሪን ስምና የሳላማንደርን ጅራት ቀጥሎ ሥዕሉን አወጣው። «ፊሊበስተር» ደግሞ ከደች ተነሥቶ በስፓኝ በኩል የመጣ የባሕር ወንበዴ ስም ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውስጥ ንግግርን እያስረዘሙ ድምፅ እንዳይሰጥ ማገት ማለት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1957 ስትሮም ተርመንድ የሚባለው ሴናተር የጥቁሮችን የሲቪል መብት ሕግ ለመቃወም 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናግሯል። ወንበዴ ብለው ሲሰይሙት፣ የምክር ቤቱን ጊዜ ስለ ዘረፈ ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል።

የአሜሪካው ጋዜጠኛ ካርታውን አይቶ እንሽላሊት ያለው፣ አንባቢው እንዲስቅና እንዲያውቅ ነው። እኛ ግን «ጄሪማንደሪንግ» ስንል ማንም አይስቅም፣ ማንም አያውቅም። ቃሉ ለተወለደበት ሕዝብ መስኮት ነበር፤ ለእኛ መጋረጃ ሆነ።

«ታዲያ ለምን እንማራቸዋለን?» የሚል ቢኖር መልስ አለኝ፤ የማይካድ ስጦታ ይዘውልን የመጡ አሉና። አንዱን ልጥቀስ። አማርኛችን «መንግሥት» የሚለውን ቃል «ነገሠ» ከሚለው ነው ያወጣው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያሏቸውን ነገሮች፣ ማለትም ጸንቶ የሚኖረውን ሥርዓትና ዛሬ ሥልጣን ላይ ያሉትን ሰዎች፣ እኛ በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። በኦሮምኛም «ሞቱማ» የወጣው ንጉሥ ከሚለው «ሞቲ» ነው፤ ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም። መዘዙን ተመልከቱ። «መንግሥትን ተቃወመ» ስንል ሰውየው የተቃወመው ሚኒስትሮቹን ይሁን አገሪቱን ከቃሉ ውስጥ አይታይም። የሚሠራበት መሥሪያ ቤት «የመንግሥት» ነው፤ ስለዚህ ገዥዎቹን ከነቀፈ እንጀራ ሰጪውን እንደ ከዳ ይቆጠራል። ባንኩ የመንግሥት፣ መንገዱ የመንግሥት፣ መሬቱ የመንግሥት፤ ሁሉም በአንድ ስም። ሊቃውንቱ በቅርብ ዓመታት «ሀገረ መንግሥት» የሚል ቃል አበጅተዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ቃሉ ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ እስከ ወፍጮ ቤት አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ ተቃዋሚና ከሐዲ በአንድ አፍ ይጠራሉ።

ሌላም አለ። እንግሊዝኛ በሁለት ትንንሽ መስተዋድዶች «የሕግ ገዥነት»ንና «በሕግ መግዛት»ን ይለያል። በመጀመሪያው ሕጉ ከገዥውም በላይ ነው፤ በሁለተኛው ሕጉ የገዥው ጅራፍ ነው። እኛ «የሕግ የበላይነትን ማስከበር» እንላለን፤ ሁለቱም ከዚያ ውስጥ ይገባሉ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የፌዴራሉ መንግሥት «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ብሎ ሰየመው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ሁለት ዓመት የዘለቀ እልቂት በዚህ ስም ተጀመረ። በየወገኑ የወደቁት ልጆች እናቶች ግን ሌላ ስም አልነበራቸውም፤ «ጦርነት» ነው ያሉት። እነሱ ናቸው አማርኛውን፣ ትግርኛውን፣ አፋርኛውን በትክክል የተናገሩት።

እንግሊዝኛም ከዚህ ንጹሕ አይደለም። ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ የጻፈው መጣጥፍ ዋና ጩኸቱ ይኸው ነው፤ የተነፋፋ ቃል የሚፈለገው ነውርን ለመሸፈን ነው የሚል። ከእሱ በኋላም አሜሪካኖቹ የእስረኛን ስቃይ «የተጠናከረ ምርመራ» ብለው ሰይመውታል። ስለዚህ «ከፍተኛ ቃላት» የሚያጠና ወዳጄ ከቃላቱ ጋራ ውሸታቸውንም እንዳያጠና እሰጋለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ቁስል ልመለስ።

በ2007 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር ከአንድ ጡረታ ከወጡ መምህር ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። ያን ጊዜ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በግምገማ፣ በስብሰባ የሚወገዘው ጠላት «ኪራይ ሰብሳቢ» ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ብሩን ይዤ ስሄድ ጋሼ ከበረንዳቸው ላይ ሆነው፣ «ና እንግዲህ፣ ወንጀለኛ አድርገኝ» ይሉኝ ነበር። ቀልድ ነው። ግን ቀልዱ አጥንት አለበት። እሳቸው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ በሕይወት የነበሩ ሰው ናቸው። ቤት አከራይ አንድ ጊዜ ጠላት ተብሎ ሲወረስ አይተዋል።

ቃሉ ግን ስለ ቤት ኪራይ አልነበረም። ሐሳቡን ጎርደን ተሎክ እ.ኤ.አ. በ1967 አቀረበው፤ በ1974 አን ክሩገር ስም አወጣችለት። ሳያመርቱ፣ አዲስ ሀብት ሳይፈጥሩ፣ በሥልጣን ደጅ ተንጠላጥሎ በፈቃድ፣ በኮታ፣ በሞኖፖል ያልደከሙበትን ጥቅም ማጋበስ ማለት ነው። ይህን ለመሰለ ነገር አማርኛ ቃል አጥቶ ነውን? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያለ ሕዝብ ነው እኮ! «ደጅ ጥናት» የሚል ቃል ያለው ሕዝብ ነው! ተርጓሚው ግን የሕዝቡን አፍ አልጠየቀም፤ መዝገበ ቃላቱን ጠየቀ። መዝገበ ቃላቱም «ሬንት ኪራይ ነው» አለው። እናም ለዓመታት ያህል፣ ጥፋተኞቹ ባለሥልጣኖች ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው «ኪራይ ሰብሳቢነትን እንታገል» ሲሉ፣ ሕዝቡ የሰማው በሁለት ክፍል ቤት ኪራይ የሚተዳደረውን ጡረተኛ የሚሰድቡ መሆኑን ነበር። ቃሉ ትክክል ተተርጉሞ ቢሆን ኖሮ፣ ጣቱ ወደ መድረኩ ባዞረ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። የእናቴ ወንድም እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። አያቴ ነጠላዋን እየጎተተች ተከትላ፣ «ልጄ ምን አጠፋ?» ብላ ጠየቀች። «አናርኪስት ነው» አሏት። ደርግ የኢሕአፓን ልጆች የሚጠራበት ስም ነበር። አያቴ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። የነገራት የቀበሌ ጠባቂም ያውቀው እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ በግሪክ «አለቃ አልባ» ማለት መሆኑን፣ በአለቃና በሕዋስ ተደራጅቶ ለሚታገል ፓርቲ የማይሆን ስም መሆኑን ማን ይነግረዋል? አያቴ እስክትሞት ድረስ ቃሉን አስተካክላ አልተናገረችውም። «ያ ስሙን እንኳ የማልይዘው ነገር ልጄን በላብኝ» ነበር የምትለው። በአማርኛ «ሌባ ነው» ቢሏት ትከራከር ነበር፤ «ገደለ» ቢሏት ምስክር ትጠራ ነበር። በማታውቀው ቃል ለተከሰሰ ልጅ እናት ምን ብላ ትሟገታለች?

ያቺ ነጠላዋን ጠበቅ ያደረገች እናት ለምን እንዳልሳቀች አሁን ገብቷችኋል ብዬ አምናለሁ። በዕድሜዋ ሳሰላው፣ በዚያ ዘመን ወጣት ነበረች። የማይታወቅ የፖለቲካ ቃል ከመስኮት በኩል ሲጠራ ምን እንደሚያስከትል ሰውነቷ ያስታውሳል።

ሌላው «ብሔር» ነው። በግእዝ አገር፣ ምድር፣ ሥፍራ ማለት ነው። «እግዚአብሔር» የምድር ጌታ ነው፤ «ብሔረ ሕያዋን» የሕያዋን አገር ነው። ከዚያ «ብሔራዊ ባንክ» ስንል የአገር ሁሉ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ሕግ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፍትሐ ብሔር» ተባለ፤ እዚህ ላይ «ሲቪል» ማለት ሆነ። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ የማርክሲዝምን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አንብቦ «ኔሽን»ን «ብሔር»፣ «ናሽናሊቲ»ን «ብሔረሰብ» አለ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ሁለቱንና «ሕዝብ»ን ደርድሮ ለሦስቱም አንድ ፍቺ ሰጣቸው። ስለዚህ ዛሬ «ብሔራዊ ቡድን» የሁላችን ነው፤ «ብሔር» ግን የየራሳችን ነው። አንድ ቃል አንድ ያደርገናል፣ ያው ቃል ይለየናል። የብሔርን መብት ልትደግፉ ወይም ልትነቅፉ ትችላላችሁ፤ የእኔ ክርክር እሱ አይደለም። የእኔ ክርክር፣ ሰው የሚሞትለትና የሚገድልበት ቃል ቢያንስ ለሟችና ለገዳይ አንድ ዓይነት ትርጉም ይኑረው ነው።

ቃል ስንት እንደሚያወጣ ለኢትዮጵያዊ መንገር የአዋጁን በጆሮ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የንጉሡ ፈቃድ ነበር፤ ሲሹ በጣሊያን መንግሥት በኩል ከሌሎች ነገሥታት ጋራ መላላክ ይቻላቸዋል ይላል። በጣሊያንኛው ግዴታ ሆነ። «ይቻላል»ና «ይገባል» መካከል ያለው ርቀት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተለካ። የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ አንዲት ግሥ ዘመቱ። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ስንት ግሥ ሳናነብ እንፈርማለን?

ደግሞ በግራ በኩል ያሉትንም አልምራቸውም። የባዕድ ቃል ባዩ ቁጥር ከግእዝ መቃብር ቃል ቆፍረው የሚያወጡ አሉ። የቆፈሩት ከእንግሊዝኛው የባሰ ሲጨልም ምን ረባን? ዕውቀት ከአንዱ መጋረጃ ወደ ሌላው መጋረጃ ተዛወረ እንጂ አልተገለጠም። «ድምፀ ተዓቅቦ» ከማለት «ድምፄን አልሰጥም» ማለት ምን ይጎድለዋል?

የተሳካላቸው ቃላት አሉ፤ እንዴት እንደ ተሳካላቸው እንይ። «አብዮት» ከግእዙ «አበየ»፣ እምቢ አለ፣ ነው የወጣው። የቃሉን ሥራ ብንወድም ብንጠላም፣ እምቢታ መሆኑን ሰሚው ያውቀዋል። «አርሶ አደር»፣ «ወዝ አደር»፣ «ላብ አደር» የሚሉት ደግሞ «ሠርቶ አደር»ን ከሚያውቅ አፍ የተገኙ ናቸው፤ «ወታደር» ያለ ቋንቋ «ወዛደር»ን ለመውለድ አላማጠም። ለዚህ ነው የዘመኑ ፍልስፍና አልፎ እንኳ «አርሶ አደር» የቀረልን። የሕዝብ ቃል የሚኖረው ሕዝብ ቤት ሲወለድ ነው።

ከዚህ ጋራ የአሁኑን አነጻጽሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ታላቅ የኢኮኖሚ ዕቅድ ስሙ «አገር በቀል የኢኮኖሚ ሪፎርም» ነው። አገር በቀል! ከአራቱ ቃላት ሁለቱ ባዕድ ናቸው። ከእሱ በፊት «የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ» ነበር። ስለ አገር በቀልነት ለመናገር እንኳ የሰው ቃል ተበድረናል። የባንክ ሰው ነኝና ብድርን አልነቅፍም፤ ግን ተበዳሪ የሚበደረውን ነገር ማወቅ አለበት።

«አማርኛ ድኻ ነው፤ ለፖለቲካ አይበቃም» የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ። ለዚህ ሰው የምመልሰው በጥያቄ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ከሚለው በላይ ያለመከሰስን ነገር በአራት ቃል የተናገረ የየት አገር የሕግ መጽሐፍ ነው? «ሎቢ» ማለት በእንግሊዝኛ የደጅ አዳራሽ ነው፤ ባለሥልጣን እስኪወጣ የሚጠበቅበት። «ደጅ ጥናት» ከዚህ በምን ያንሳል? እንዲያውም ይበልጣል፤ ተስፋውንና ውርደቱን አንድ ላይ ይዟል። «ሹም ሽር»፣ «አቤቱታ»፣ «አውጫጭኝ»፣ «በላ ልበልሃ» የሚሉት ሁሉ የመንግሥትና የፍርድ ቃላት ናቸው። የኦሮሞ አባቶች ሥልጣን በስምንት ዓመት ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን የገዳ ሥርዓት በራሳቸው ቃል ሰይመው አኑረዋል፤ «ተርም ሊሚት» የሚለውን አልጠበቁም። «መሪ» የምንለውንም አስቡት። የግሪኩ ቃል፣ «ገቨርንመንት» የተገኘበት፣ መርከብ መምራትን ነው የሚናገረው፤ እኛም መኪና የሚዞርበትን ነገር «መሪ» እንለዋለን። ያለ ማንም አስተማሪ ሕዝባችን የፕላቶን አገር ሰዎች ካሰቡበት ቦታ ደርሷል። ድኻው ቋንቋው አይደለም፤ ጆሯችን ነው።

ሕጉም ከእኔ ጋራ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ነው ይላል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም አማርኛና እንግሊዝኛው ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚታሰረው፣ ንብረቱ የሚወረሰው፣ የሚፈታው ሰው በአማርኛው ቃል ነው። እንግዲያው አማርኛውን የእንግሊዝኛው ጥላ አድርጎ መጻፍ በሰው ዕጣ ላይ መቀለድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። «ከፍተኛ ቃላት» ለምታጠኑ ወዳጆቼ፦ አጥኑ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ቃል ለእናታችሁ በቡና ሰዓት አስረዱ። ካልገባት ያልገባው ለእናንተ ነው። ለምትተረጉሙ፣ ቅጽ ለምታዘጋጁ፣ አዋጅ ለምታረቁ፦ ቃሉን ሳይሆን ቃሉ የሚሠራውን ሥራ ተርጉሙ፤ በማን ላይ ሊጠብቅ እንደ ተፈጠረ ጠይቁና እሱው ላይ እንዲጠብቅ አድርጉ። ለገጣምያን፣ ለራሴም ጭምር፦ ፖለቲካን ለፖለቲከኛ ትተን ስለ ጨረቃ ብቻ አንጻፍ። ቃል የእኛ ሙያ ነው። ሰም ከወርቅ መለየት የምናውቅ ሰዎች፣ ሰም ብቻ ሆኖ ወርቅ ነኝ የሚል ቃል በአደባባይ ሲያልፍ ዝም ካልን፣ ቅኔያችን ለምን ይጠቅማል?

ስለ ቅጹ ጉዳይ አለቃዬን አነጋግሬ ነበር። «ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ እኛ መቀየር አንችልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ትቼ አፌን ቀየርሁ። አሁን እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ «እማማ፣ እርስዎ ወይም የቅርብ ቤተሰብዎ ከፍ ያለ የመንግሥት ሥልጣን ይዛችሁ ታውቃላችሁ?» ትናንት አንዲት ሌላ እናት ይህን ስጠይቃቸው ሳቃቸው አዳራሹን ሞላው። «እኛን ደግሞ ማን ይሾመናል ልጄ!» አሉኝ። አልፈሩም። ጥያቄው ስለ ማን እንደ ሆነ ገብቷቸዋል። ከአንድ መስኮት ላይ አንድ ፍርሃት ቀነሰ።

ለአያቴ መታሰቢያ ይህችን ትንሽ ስንኝ አስቀምጬ ልሰናበት፦

ከባሕር ማዶ መጣ፣ ካባ ለብሶ ቃል፤
ያየው ሁሉ ሰግዶ «አውቀዋለሁ» ይላል።
አያቴ ግን ወጥታ፣ ቆማ ከደጃፏ፣
እንዲህ አለችው በዚያ ባልተማረ አፏ፦
«እንግዳ ሆይ ግባ፣ ከእሳቱ ዳር ሙቅ፤
ብቻ ስምህን ንገር፣ ማንነትህን ልወቅ።
ስሙን ሳይነግረኝ የገባ እንግዳ
አንድ ልጄን ይዞ ወጣ በማለዳ።»

ቸር ያሰንብተን።